ሩቢዬላ እና የመጨረሻው መኪና

ሩቢዬላ ሰውን የምታውቀው በመኪናው ሳይሆን በጉዱ ነው። ተራራው ተንዶ የመንገዱን ግማሽ ገደል ከከተተው ወዲህ፣ በላይኛው ጫፍ «ቁም» የሚል ሰሌዳ ይዛ የምትቆመው እሷ ናት። በታችኛው ጫፍ ደግሞ ሌላ ሰው ይቆማል። መካከሉ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው፤ ጠመዝማዛ ስለሆነ አይተያዩም። ስልክም እዚያ ሸለቆ ውስጥ አይሠራም። ስለዚህ አሠሪዎቹ ፈቃድ የማይጠየቅባቸው ዲጂታል መነጋገሪያ ሬዲዮዎች ገዙላቸው።

ሥራው ቀላል ነው። ሩቢዬላ ሰልፏን ትለቅና የመጨረሻው መኪና የትኛው እንደሆነ በሬዲዮ ትናገራለች። የታችኛው ያ መኪና እስኪወጣ ጠብቆ የራሱን ይለቃል።

ሬዲዮው ግን እሷ እጅ ከገባ ወዲህ ሥራ ብቻ ሠርቶ አያውቅም። ኢምፓናዳ የሚሉትን ሳምቡሳ መሳይ ምግብ ታዝዝበታለች፣ ታች ዝናብ ከጀመረ ልብሷን ከገመድ ታስነሳበታለች፣ የጠፋ ላም ታስፈልግበታለች፣ አውቶቡስ ውስጥ ማን ከማን ጎን እንደተቀመጠ ታስተላልፍበታለች። ከዚህ በፊት የነበራቸው አሮጌ ሬዲዮ እየተንሿሿ ግማሹን ወሬ ይበላባት ነበር። ይኼኛው ጥርት ያለ ነው።

የታችኛው ባልደረባዋ ጊልዳርዶ የመንደሩ ሰው ነው። «የመጨረሻው ያ ሁለት ቦታ ሽማግሌ የላከው ነው» ስትለው መኪናውን ያውቀዋል። ፎርማኗ ዶኛ ኤልቪያ ግን፣ «በምላስሽ ምክንያት አንድ ቀን ሰልፎቹ ቢጋጠሙ ሰሌዳውን ታስረክቢያለሽ» ብላታለች።

ማክሰኞ ጊልዳርዶ ጥርሱን ሊያስነቅል ሄደ። በቦታው ከሩቅ ከተማ የመጣ ኡበርኔይ የሚባል ጎልማሳ ቆመ።

«ኡበርኔይ፣ የመጨረሻው ዶን ኤቫሪስቶ ነው።»

«አላውቀውም፣ እትዬ። ምልክቱን ንገሪኝ።»

«እንዴት አታውቀውም? ሚስቱ ፍራሹን በመስኮት የወረወረችበት ነዋ።»

«ፍራሽ። ገባኝ።»

ሩቢዬላም አልቆመችም፤ የፍራሹን ነገር ከሥሩ ትተርከው ጀመር። እሷ ስታወራ፣ ከሰልፉ መካከል ዕቃ የጫነ አንድ ፒካፕ ታች ደረሰ። ጣሪያው ላይ ፍራሽ ታስሯል። ኡበርኔይ ፍራሹን አየና የመጨረሻው ይኼ ነው ብሎ የራሱን ሰልፍ ለቀቀ።

የዶን ኤቫሪስቶ አሮጌ ጂፕ ከገደሉ አፍ ላይ ሙዝ ከጫነ መኪና ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጠጠ።

ሩቢዬላ ጥሩምባውን ስትሰማ ሬዲዮዋን ይዛ ቁልቁል ሮጠች። ባለሙዙ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል።

«ዳገት የሚወጣ ነው ቅድሚያ ያለው። ንቅንቅ አልልም።»

ጎንበስ ብላ በጆሮው የሆነ ነገር ነገረችው። ምን እንዳለችው እስከ ዛሬ አይታወቅም፤ ሰውዬው ግን ጆሮው ቀልቶ የኋላ ማርሽ አስገባ። እሷ ከፊት፣ ኡበርኔይ ከጅራት ሆነው በሬዲዮ እየተቀባበሉ መኪኖቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ መለሱ።

ላይ ስትደርስ ዶኛ ኤልቪያ ቆማለች።

«ሰሌዳውን አምጪ። ሬዲዮውንም።»

ሩቢዬላ ሳትከራከር አስረከበች። ቤቷ የሚገባ ሌላ ሳንቲም እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። ፎርማኗ ሁለት እርምጃ ሄዳ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ለነገሩ… ፍራሹን ለምን ወረወረችው?»

«በሬዲዮ አልሰሙም እንዴ?»

«ሚስትየዋ መስኮቱን ስትከፍት የኔ ሬዲዮ ባትሪ አለቀ።»

«ውይ፣ ዶኛ ኤልቪያ። ዋናው እኮ ከመስኮቱ በኋላ ነው። ፍራሹ ማን ላይ እንዳረፈ ቢሰሙ…»

«ማን ላይ?»

«እንግዲህ እኔ ተባርሬያለሁ። ወሬ የማወራው ሥራ ላይ ስሆን ነው።»

ዶኛ ኤልቪያ ሰልፉን አየች፣ ሸለቆውን አየች፣ ሰሌዳውን አየች። ከዚያ ሰሌዳውንም ሬዲዮውንም መልሳ ሩቢዬላ እጅ ላይ አኖረች።

«ከእንግዲህ መኪና በቀለሙ ነው የምትናገሪው።»

«በቀለሙ።»

«በይ ቀጥዪ።»

«ፍራሹ እንግዲህ የወደቀው…» አለች ሩቢዬላ የሬዲዮውን ቁልፍ ተጭና።

«ቀስ በይ እትዬ፣» አለ ኡበርኔይ በሬዲዮው፣ «እዚህ መኪና እያሳለፍኩ ነው፤ እንዳያመልጠኝ።»