ሥራ ፈት ሽቦ የማይወዱት አጎቴ

አጎቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የስልክ ምሰሶ ሲወጡና ሲወርዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ከዚያ ሥራ ሁለት ነገር ተርፏቸዋል፦ ማዳመጫ ያደከመው ጆሮ፣ እና ሥራ ፈትቶ የተንጠለጠለ ሽቦ ባዩ ቁጥር የሚነሣባቸው ንዴት። «ሽቦ የሚሠራው ሊታሰር ነው» ይሉ ነበር።

እኔ አስተማሪነት በጀመርኩበት ዓመት ከእሳቸውና ከአክስቴ ጋር እኖር ነበር። አንድ ሐሙስ አጎቴ ለአሮጌዋ መኪናቸው ቴፕ ገዝተው መጡ። ድምፅ የሚያጎላ፣ ማራገቢያ ያለው ሣጥንም አብሮት ነበር። የሠፈራችን የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሱቁ ከበራችን ሃምሳ እርምጃ አይርቅም።

«አገር ምድሩን በስልክ ያገናኘሁ ሰው ለአንድ ቴፕ ባለሙያ ልጥራ?» አሉ።

የመመሪያውን ወረቀት ሳይገልጡ አጣጥፈው ከሚወላገደው ጠረጴዛ እግር ሥር ሸጎጡት። ወረቀቱ ጠቅሟል፤ ጠረጴዛው ከዚያ ወዲህ ተነቃንቆ አያውቅም።

ዳሽቦርዱን በቢላ ፈልፍለው ቴፑን ሰክተው፣ ሣጥኑንም መኪናዋ ውስጥ ከአክስቴ መቀመጫ ሥር አስገብተው ሲጨርሱ አራት ሽቦ ተረፈ። ሌላ ሰው ቢሆን ጫፋቸውን ጠቅልሎ ይተዋቸው ነበር። አጎቴ ግን ለአራቱም ሥራ ፈለጉላቸው፤ ያገኙት ሽቦ ላይ አሰሯቸው። ማታ ጠርተው አሰሙን። ድምፁ በእውነት ያማረ ነበር። ወደ ግራ ለመታጠፍ ፍሬቻ ሲያበሩ ብቻ ዘፋኙ ከፍሬቻው ጋር ብልጭ ድርግም ይል ጀመር፤ አንድ ቃል ይዘፍናል፣ አንዱን ይውጣል።

«አዲስ ሞዴል እንዲህ ነው» አሉ አጎቴ።

ዓርብ ጠዋት መኪናዋ አልነሣ አለች። ጥፋቱ የብርዱ ሆነ። ባትሪው ተሞላ፤ ቅዳሜ ጠዋትም አልነሣችም። ጥፋቱ በሩን በደንብ ያልዘጋሁት የእኔ ሆነ። እንደገና ተሞላ።

አክስቴ ቅዳሜ መኪናዋ ውስጥ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ወንበሬ ለምንድን ነው የሚሞቀው?» አሉ።

«ፀሐይ ነው።»

«ፀሐይዋ ከመቼ ወዲህ ነው ከወንበር ሥር የምትወጣው?»

ነገሩ የሚያስቅ ነበር፤ ሰኞ ባይመጣ ኖሮ። አክስቴ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖት በመርፌ ክር ማስገባት ከተዉ ቆይተዋል፤ በር የሚያንኳኳውን ሰው እንኳ በድምፁ ነበር የሚለዩት። አምስት ወር ወረፋ ጠብቀው ቀዶ ጥገናው ለሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተቀጥሮላቸዋል። ሆስፒታሉ ከከተማ ውጪ ነው፤ የመጀመሪያው አውቶቡስ የሚደርሰው ደግሞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነው። የዘገየ ሰው ስሙ ወደ ወረፋው መጨረሻ ይመለሳል። ሌላ አምስት ወር ማለት ነው።

እሑድ ከሰዓት አጎቴን ሳላማክር ሠራተኛውን ጠራሁት። ከዳሽቦርዱ ሥር በጀርባው ተኝቶ በባትሪ መብራት አየና መሣቅ ጀመረ።

«ይህን ማን ነው ያሰረው?»

«ባለሙያ» አሉ አጎቴ።

«የምን ባለሙያ፣ ጋሼ? የልብስ መስፊያ?» ወጥቶ የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተሩን ባትሪው ላይ አደረገ። «ሌሊቱን ሙሉ አንድ ነገር ባትሪውን ይመጠምጠዋል። እነዚያን ትርፍ ሽቦዎች ልፍታቸው።»

«ትርፍ ሽቦ የለም! ፈትተህ ልታንጠለጥላቸው ነው?»

«አዎ፣ ላንጠለጥላቸው ነው።»

«እኔ ቆሜ? አይደረግም!»

ሠራተኛው ቴስተሩን ጠቅልሎ፣ «እንግዲህ ነገ በስልክ ይውሰዷቸው» ብሎ ሄደ።

አክስቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ሰምተዋል። ግድግዳውን እየዳበሱ ሄደው መኪናዋ ውስጥ ገቡ፤ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ከመቀመጫቸው ሥር ከተቱ።

«ይሄ ሣጥንህ ይተነፍሳል» አሉ። «ቁልፉ ኪስህ ውስጥ ነው፣ እሱ ግን ይተነፍሳል። ና ፍታ፤ ሲያቆም እነግርሃለሁ።»

«ምን አልሽ?»

«ፍታ! አንዴ ከመታሁ አልቆመም፣ ሁለቴ ከመታሁ ቆሟል!»

አጎቴ ጭንቅላታቸውን ከዳሽቦርዱ ሥር ከትተው ነጩን ፈቱ። አክስቴ በሩን በመዳፋቸው አንዴ መቱ። ብርቱካንማው ተፈታ፤ አንዴ። ቡናማውም፤ አንዴ። ሰማያዊው ቀረ።

«ይሄኛው እንኳ ግሩም አድርጌ ያሰርኩት ነው» አለ ከሥር የሚመጣው ድምፅ።

«ወይ እሱን ፍታ፣ ወይ ዓይኔን ተወው በለኝ!»

ሰማያዊውም ተፈታ። ከዚያ አክስቴ በሩን ሁለት ጊዜ መቱ።

አጎቴ ከሥር ሲወጡ የሰው ሬሣ የገነዙ ይመስሉ ነበር። የአራቱን ጫፍ በጥቁር ፕላስተር ሲጠቀልሉ ያሳዩትን ርኅራኄ ለእኔ አንድ ቀን አሳይተውኝ አያውቁም። ባትሪውን ለሦስተኛ ጊዜ ሞሉት።

ሰኞ ጠዋት ቁልፉን አንዴ ሲያዞሩት ሞተሩ ተነሣ። ሰማያዊው ከተፈታ ሣጥኑ ስለማይሠራ ቴፑ ዲዳ ሆኗል፤ መንገዱን ሁሉ ያለ ዘፈን ተጓዝን። ሩብ ጉዳይ ለሁለት ላይ ከሆስፒታሉ በር ደረስን። አክስቴን አስገቧቸው።

በማግሥቱ የቀኝ ዓይናቸው ማሰሪያ ተፈታና ልንወስዳቸው ሄድን። መኪናዋ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። መጀመሪያ የእኔን ፊት፣ ቀጥሎ የአጎቴን ሽበት አዩ፤ ፈገግ አሉ። ከዚያ ዓይናቸው ዳሽቦርዱ ላይ አረፈና ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ።

«ይህን ደግሞ አይጥ ነው የበላው?»

አጎቴ ሞተሩን አስነሡ። «ገና ነው» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው፣ «በደንብ አልጠራላትም።»