የትራክተሩ ውሃ

የበረዶው ወራት ሲገባ አባቴ የሚያስታምመው ሁለት ነው፤ እናቴንና ትራክተሩን። እናቴ በሳምንት ሁለቴ ኩላሊቷን ትታጠባለች። ሆስፒታሉ ከተራራው ማዶ ነው፤ መንገዱን በረዶ ሲውጠው ከዚያ አሮጌ ትራክተር በቀር የሚደፍረው የለም። ሐኪሙ፣ «አንድ ቀን ብትዘል እኔ የለሁበትም» ብሏል። እናቴ ትራክተሩን ጣውንቴ ነው የምትለው፤ «ብርድ ልብስ ለእሷ፣ ብርዱ ለእኔ» እያለች ትነጫነጫለች። ሐሰት ነው፤ ሞተሩ ላይ የሚደረበው ብርድ ልብስ የተገፈፈው ከእኔ አልጋ ነው።

ራዲያተሩ ስለሚያፈስ፣ ውሃ እንዳይረጋ የሚጨመረው ውድ ፈሳሽ በከንቱ ይባክናል። ስለዚህ አባቴ ንጹህ ውሃ ይሞላዋል፤ ማታ ማታ ደግሞ ከሥሩ ቀዳዳውን የምትደፍነውን ታፖ ፈትቶ ያፈሰዋል። ካልፈሰሰ ውሃው በረዶ ሆኖ የሞተሩን ብረት ይሰነጥቀዋል፤ ከዚያ ወዲያ ትራክተር የለም። ታፖዋን ይዞ ይገባና መስኮቱ ላይ ካለው ብርጭቆ ውስጥ ይጥላታል። ጠዋት ብርጭቆውን ያያል፤ ካለች ልቡ ያርፋል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖረ።

ያን ረቡዕ፣ በእናቴ የእጥበት ቀን ጠዋት፣ የቀሰቀሰኝ የአባቴ ድምፅ ነው። ብርድ እንዳይገድለው ማታ ማታ ፈትቶ የሚያስገባው የትራክተሩ ባትሪ እንደ ወትሮው አልጋው አጠገብ አለ፤ ብርጭቆው ግን ባዶ ነበር።

«አፍስሼዋለሁ?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ አባዬ? የምታፈሰው አንተ አይደለህ እንዴ?»

«አላስታውስም።»

ይህን ቃል ከአባቴ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ሰው ሁሉ የረሳውን እሱን ነው የሚጠይቀው። ጫማዬን አቀያይሬ አጥልቄ ተከተልኩት።

ትራክተሩ ሥር በረዶ ተጋግሯል። ውሃው ፈሷል። ታፖዋ ግን ከቦታዋም ከመሬቱም የለችም። አባቴ ተንበርክኮ በረዶውን በጣቱ ይጭር ጀመር። «ማን ነው የፈታት?» ይላል ደጋግሞ። እኔም ፈራሁ፤ ሌባ እንኳ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

እናቴ ሻርፕ ተከናንባ ከኋላችን መጣች።

«ማታ ስፈታት ከእጄ አመለጠችኝ» አለች። «ጣቴ ደንዝዞ የት እንደወደቀች አላየሁም።»

«አንቺ ነሽ?»

«ከአምና ጀምሮ እኔ ነኝ። አንዳንድ ቀን ትረሳለህ። ፈትቼ ብርጭቆው ውስጥ እከታታለሁ፤ ጠዋት ስታያት ደስ ይልሃል።»

አባቴ ከመጥረጊያው እጀታ ቆርጦ ቀረጸ፤ በጨርቅ ጠቅልሎ ቀዳዳውን ደፈነ፤ ለብ ያለ ውሃ ሞላ፤ ባትሪውን ገጠመ። ትራክተሩ ሦስቴ አስሎ ተነሳ። እናቴ ተጠቅልላ አጠገቡ ተቀመጠች፤ እኔ ከኋላ ቆሜ፣ ያቺ እንጨት እንዳትወጣ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ አደረስኩ። ድልድዩ ጋ አባቴ ድንገት አቆመ። ሞተሩ ደህና ነው። ግራ ቀኝ አየ፤ እናቴን አየ፤ ከዚያ ቀጠለ። መንገዱን እየለየ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

እናቴን እጥበቱ ክፍል አስገብተን ስንወጣ ክንዴን ያዘኝ።

«ድልድዩ ጋ ወዴት እንደምንሄድ ጠፋኝ» አለኝ። «እናትሽን ሳያት ነው ያወቅሁት።»

በመስታወቱ አሻግሬ አየሁ፤ እናቴ እጇን ለነርሷ ዘርግታለች። እሷ አጠገቡ የማትቀመጥበት ቀን ታሰበኝ።

«መንዳት አስተምረኝ» አልኩት። «ዛሬውኑ፣ ሳትረሳው።»