በዌንዴል ሣጥን ውስጥ ያለው ሬሳ

የሬሳ ሣጥኑ ክዳን እስከ ግማሽ ተከፍቶ ቀጥ አለ፤ ሞተሩም ጨሰ። የውድድሩ ዳኞች ጎረቤት ቤት ደርሰዋል።

ጡረተኛው የቧንቧ ሠራተኛ ዌንዴል ክሩፕ፣ ከሣጥን ብድግ የሚለውን ሬሳ የሠራው ከወዳደቀ እንጨት፣ ከአሮጌ ካልሲና ከተጣለ መኪና ከፈታው የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ነው። ሰዉ በአስፈሪ ነገሮች ቤቱን በሚያስጌጥበት የሃሎዊን በዓል፣ በሰፈራችን ውድድር ላይ በእጅ ለተሠራ ተንቀሳቃሽ አሻንጉሊት ሽልማት አለ። ሦስት ዓመት በተከታታይ የወሰደችው ጎረቤቱ ዳርሊን ናት።

«ተወው በቃ» አለች ሚስቱ ሎሬታ።

«ዳርሊን ለአራተኛ ጊዜ ልትስቅብኝ? የሬሳውን ጭምብል አምጪ!»

«አንተ ሰውዬ፣ የምርህን ነው? ሽማግሌ እኮ ነህ!»

«ሬሳ ወጣት መሆን አለበት ያለሽ ማነው?»

አሻንጉሊቱን ከሣጥኑ አውጥቶ፣ ጭምብሉን አጥልቆ በቦታው ራሱ ተጋደመ። ዳኞቹ ሲደርሱ እያቃሰተ ብድግ አለ፤ ወገቡ ተንቋቋ። ዋናዋ ዳኛ ጎንበስ ብላ አዳመጠች።

«ድምፁ አሪፍ ነው። መገጣጠሚያው ግን ዘይት ይፈልጋል። እስቲ ድገሚው፣ ሎሬታ።»

ሎሬታ ሳቋን አፍና የሞተውን ሞተር ማብሪያ ተጫነች። ስድስት ጊዜ አስነሱት።

ዌንዴል ሁለተኛ ወጣ። በውጤት ወረቀቱ ላይ «እንቅስቃሴው የሰው አይመስልም» ተብሎ ተጽፏል።