በየትኛው ሐ?

በስደት ካለንበት ዓረብ አገር፣ ሐዳይቅ አል-መዓዲ ከሚባለው ሰፈር ቤት ፖሊሶች ሲወስዱን እኔ ነጠላዬን እያጣፋሁ ነበር። አገር ቤት ለታሰሩብን ሰዎች አቤቱታ ልንጽፍ ነበር የተሰበሰብነው። ወንዶቹን ሌላ ቦታ ወሰዷቸው፤ እኛን ዘጠኝ ሴቶች አንድ ክፍል አስገቡን። ሲሚንቶው እርጥብ፣ ሽታው ክሎር፣ መስኮቱ ከሰው ቁመት በላይ። እኔ ያን ጊዜ የማስበው ስለ ጉልበቴ ነበር፤ ሰው መቼም ለራሱ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠበቃ ሊመጣ ነው ተባለ። የምታነጋግረው አንዲት ብቻ ናት፤ በዕድሜ እኔን መረጡ። የስደተኞች ማኅበራችንን መዝገብ በኮምፒዩተር የምትይዘው ልጅም አብራን ታስራ ነበርና አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። የሁላችን የስደተኛ ካርድ ቁጥር እሷ ሰንጠረዥ ላይ ነው። ከጠበቃው ጋር የሚመጣው አስተርጓሚ በስልኩ ከፍቶ ስማችንን ይፈልጋል፤ ቁጥሯ የተገኘላት ትወጣለች።

ልጅቷ ስትፈራ ታወራለች። እርጥቡ ወለል ላይ በጣቷ መስመር እየሳበች፣ «እማማ፣ ሰንጠረዥ የጻፉለትን እንጂ ያሰቡትን አያውቅም። በአንድ ሳጥን አንድ ነገር ብቻ፤ ስምና ስልክ አብረው አይክተቱ። የላይኛው ረድፍ የአርእስት ነው። በፊደል ተራ ሲደረድሩ ደግሞ ሁሉንም ይምረጡ፤ የስሙን ዓምድ ብቻ ካንቀሳቀሱ የአንዷ ባል ለሌላዋ ይደርሳል» አለችኝ።

«የኔን ውሰዱልኝ!» አለች አንዷ ከጥግ። ሳቅን።

ከዚያ ልጅቷ ከመካከላችን ነፍሰ ጡር የነበረችውን በዓይኗ ጠቁማ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አደራ፣ የነፍሰ ጡሯ ስም በሐመሩ ሐ ነው። በሃሌታው ከፈለገ አያገኛትም። እምቢ ካለው በአባቷ ስም ይፈልግ።»

«እሺ» አልኳት። ፊደል አልቆጠርኩም። ዳዊት በቃሌ ስለምደግም ሁሉም የተማርኩ ይመስላቸው ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኝ ዝም እል ነበር።

ጠበቃው ከአስተርጓሚው ጋር ሲመጣ ስምንቱ ስም ወዲያው ተገኘ። ወደ ነፍሰ ጡሯ ሲደርስ አስተርጓሚው ቀና አለና፣ «እማማ፣ በየትኛው ሐ ነው?» አለኝ።

የልጅቷ ቃል ጠፋብኝ። አላውቅም፣ በሁለቱም ሞክር ማለት አንድ ነገር ነበር። አፌ ግን «በሃሌታው» አለ፤ ሃሌ ሉያ ስለሚመስል።

«የለችም» አለ። ጠባቂው ጊዜው አለቀ ለማለት «ኸላስ፣ ኸላስ» ብሎ አስነሳኝ። የአባቷ ስም ትዝ ያለኝ ክፍላችን ከገባሁ በኋላ ነው። ያኔም ዝም አልኩ።

በማግስቱ ስምንታችን ተጠራን። ነፍሰ ጡሯ ሆዷን ይዛ፣ «እኔስ?» አለች። ጠባቂው «ማሌሽ» አላት፤ ምን ይደረግ እንደማለት።

«ሳይመዘግቧት ቀርተው ነዋ!» አለች አንዷ። ሁሉም መዝገብ ያዥዋን አዩ። ልጅቷ «እኔው ነኝ የጻፍኳት፣ በእጄ» ብላ አለቀሰች።

እኔ ጫማዬን አድርጌ በሩ ላይ ነበርኩ። ብወጣ የሚያውቅብኝ የለም። ተመለስኩ።

«ልጄ፣ አታልቅሺ። ጥፋቱ የኔ ነው። ፊደል አላውቅም፤ ሳላውቅ ነው የተናገርኩት።»

ሴቶቹ ዕቃቸውን እያነሱ በአጠገቤ አለፉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ጠባቂው ሊያስወጣኝ «ያላ፣ ያ ሃጋ!» ብሎ ቢያቻኩለኝ፣ ሄጄ ነፍሰ ጡሯ አጠገብ ተቀመጥኩ። «ያለሷ አልወጣም» አልኩት። ልጅቷ ስትወጣ በሳሙና ቁራጭ ግድግዳው ላይ አንድ ፊደል ጻፈችልኝ። «ይቺ ናት። ሦስት እግር አላት» አለችኝ።

አራት ቀን ቆየን። ነፍሰ ጡሯ ትተኛለች፣ እኔ ፊደሏን በጣቴ እከተላለሁ። ጠበቃው ከአስተርጓሚው ጋር ሲመለስ ፊደሏን መዳፌ ላይ ስዬ አሳየኋቸው፤ ስሟ ተገኘና ሁለታችንም ወጣን።

ዛሬ አባሲያ በሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ጣት እየለቀምኩም ቢሆን፣ አዲስ የሚመጡትን ሰንጠረዥ ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ። ባለፈው ያቺ ነፍሰ ጡር የነበረችው ሴት ልጇን ልታስመዘግብ መጣች። የእናት ስም የሚለው ሳጥን ላይ ስደርስ ስሟን ቀስ ብላ ነገረችኝና፣ ባለ ሦስት እግሯን ፊደል ፈልጌ ጽፌ እስክጨርስ ድረስ፣ እንዳላፍር ብላ መሰለኝ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።