በመሐላ የገባሁበት ገንዳ

ልጄ አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷትም ሾርባዋን መጀመሪያ የምቀምሰው እኔ ነኝ። የሚቃጠል ምላስ ካለ የእኔ ይቃጠል እላለሁ። ትንሽ ሳለች ጎረቤት ዛፍ ላይ ዥዋዥዌ ሲታሰር ከእሷ በፊት የተቀመጥኩበት እኔ ነበርኩ፤ ገመዱ ቢበጠስ በእኔ ይበጠስ ብዬ። ደግሞም ተበጠሰ። ወገቤን ይዤ ስነሳ "አላልኩም?" ያልኩት በኩራት ነበር።

እንግዲህ ያን ዓርብ ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዛ ስትመጣ እንዴት እንደሆንኩ አስቡት።

"እማ፣ ኮምቦልቻ ሴት ልጆችን ትራያትሎን የሚያሠለጥኑ አሉ። ትምህርት ሲዘጋ ይጀምራሉ።"

"ምንድን ነው እሱ?"

"መጀመሪያ ይዋኛል፣ ከዚያ ብስክሌት ይነዳል፣ ከዚያ ይሮጣል።"

"በሦስት ቀን?"

"በአንድ ጧት።"

ሽንኩርት እየለቀምኩ ነበርና ሳቄ መጣ። እሷ ግን አልሳቀችም። ያኔ ደነገጥኩ። እኔ ደሴ ዙሪያ ገጠር የተወለድኩ ሰው ነኝ። ስድስተኛ ክፍል አቁሜ ደሴ የገባሁት በትዳር ነው። ውሃ ማለት ለእኔ በጀሪካን የሚመጣ ነገር ነው፤ ከዚያ የበዛው ደግሞ ክረምት ላይ በሬ ጠርጎ የሚወስደው ወንዝ ነው። ከድንጋጤዬ ብዛት አፌን አልጠበቅኩም።

"ወላሂ፣ እኔ ራሴ በአንድ ጧት ዋኝቼ፣ ብስክሌት ነድቼ፣ ሮጬ ካላየሁት አንቺ እግርሽን አታስገቢም!"

በሩን ግጥም አድርጌ የዘጋሁ መስሎኝ ነበር። ምክንያቱም ያኔ እንኳን መሮጥ በቅጡ መራመድም አልቻልኩም። ባለፈው ክረምት ጎመን ተሸክሜ የሰፈራችን የድንጋይ ደረጃ ላይ አንሸራቶኝ ቁርጭምጭሚቴ ተሰብሮ ነበር። ሁለት ወር ጄሶ ውስጥ ከርሜ፣ ካወለቅኩትም በኋላ ደረጃ ስወርድ እንደ አሮጊት ግድግዳ እይዛለሁ።

ልጄ ወረቀቱን እያጠፈች ቃሌን መዘነችው። "ካልዋኘሽ አልዋኝም ማለት ነው። ከዋኘሽስ?"

አማቴ ጥግ ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። የተኙ መስሎኝ ነበር። "ከዋኘችማ ትዋኛለሽ" አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "ወላሂ ብላለች፤ እኔ ምስክር ነኝ።"

"እማማ፣ እኔ እኮ ለማስፈራራት ነው።"

"ለማስፈራራት ጅብ አለልሽ። የአላህን ስም ለምን ጠራሽ?"

ዝም ብዬ ነገሩን ላስረሳት አስቤ ነበር። ልጄ አላኮረፈችም፤ ብታኮርፍ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ለጠፈችው፣ በቃ። እኔም ሽሮ ባነሳሁ ቁጥር አየዋለሁ። በዚያው ሰሞን ሐኪም ቤት እግሬን የሚያሻሽኝ ባለሙያ "ለዚህ እግር ከብስክሌትና ከውሃ የተሻለ መድኃኒት የለም" አለኝ። ልጄ ሂዳ የነገረችው መስሎኝ በጥርጣሬ አየሁት። አልነገረችውም።

ጊዜ ከየት ይምጣ? ገበሬዎቹ ድንችና ጎመን ይዘው ገና ሲነጋ ይደርሳሉ፣ ቀኑን ሙሉ ገበያ የአትክልት መደቤ ላይ ነኝ፣ ማታ የአማቴ መድኃኒት፣ የልጄና የታናናሾቿ ደብተር አለ። ከሱብሂ ሶላት በኋላ ያለችው ግማሽ ሰዓት ብቻ ተረፈችኝ።

በመጀመሪያው ቀን ሰግጄ፣ ሱሪ በረጅም ቀሚሴ ሥር ለብሼ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ወጣሁና ሮጥኩ። ያላሰብኩት ነገር፣ በእኛ ሰፈር አንዲት እናት በማለዳ ነጠላዋን አስራ ስትሮጥ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው።

"ወይኔ! ማን ሞተ?" አለች ጎረቤቴ ከበሯ ብቅ ብላ።

"ማንም!"

"ማንም ሳይሞት እንዲህ ይሮጣል? አትደብቂኝ!"

ትንፋሽ አጥሮኝ ስለነበር እጄን ብቻ አወዛወዝኩላት። እሷ የሞተውን ቤት ያሳየኋት መሰላት። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ተከተለችኝ። እሷን ያዩ ሌሎች ሁለት ሴቶችም ወጡ፤ አንዷ ማልቀስ ጀምራለች። እስከ አስፋልቱ አራት ሆነን ሮጥን። ቆሜ "ለእግሬ ነው፣ ለስፖርት ነው" ስላቸው ያለቀሰችው እንባዋን ጠርጋ "በይ እንግዲህ፣ የፈሰሰ እንባ አይመለስም፤ ለእግርሽ ይሁንልሽ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በየጧቱ "ዛሬስ ማን ሞተ?" እያሉ ነው የሚሸኙኝ።

ብስክሌቱ የባለቤቴ ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ስለሚሠራ እዚያው ያስቀምጠዋል፤ ኮምቦልቻ ሜዳ ነው፣ ደሴ ላይ በብስክሌት የሚሄድ ቢኖር ቁልቁል ብቻ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት መደቤን ለእህቴ ትቼ በሚኒባስ እወርዳለሁ። እሱ ከኋላ ኮርቻውን ይዞ ይሮጣል።

"እንዳትለቀኝ!"

"አልለቅሽም።"

"ይዘኸኛል?"

ዞር ስል በሩቅ ቆሞ እያጨበጨበ ነው። ሣር ላይ ወደቅኩ። ሁለተኛው ቅዳሜም ወደቅኩ። በሦስተኛው ግን ሳልወድቅ ቀረሁ። ደወሉን እየደወልኩ ሄድኩ፤ ሰው ባይኖርም ደወልኩ፣ ለፍየልም ደወልኩ፣ ለቆመ መኪናም ደወልኩ። ነፋሱ ሻሼ ውስጥ ገብቶ ጆሮዬን ሲኮረኩረኝ እንደ ሕፃን ጮኼ ሳቅኩ። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ ማንም አልነገረኝም።

ውሃው ነበር አስቸጋሪው። እዚያው ኮምቦልቻ አንድ ሆቴል እሑድ ጧት ገንዳውን ለሴቶች ብቻ ይለቃል። እዚያ ዋና የምታስተምረው አሠልጣኝ ሳቂታ ወጣት ናት። ሦስት እሑድ ሙሉ የገንዳውን ጠርዝ ጨብጬ ቆምኩ። በአራተኛው ፊትሽን ውሃ ውስጥ ክተቺ አለችኝ። ከተትኩ፣ ታነቅኩ። እንደገና ከተትኩ፣ እንደገና ታነቅኩ። ግማሽ ገንዳ ሳልጠጣ አልቀርም።

"እናቴ፣ ውሃ ውስጥ ስትገቢ አፍሽን ለምን ትከፍቻለሽ?"

"ቢስሚላህ እያልኩ ነዋ!"

ለካ ምንም ነገር ያለ ቢስሚላህ ጀምሬ ስለማላውቅ ፊቴ ውሃ ሲነካ አፌ በራሱ ይከፈታል። አሠልጣኟ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ጠርዙን ያዘች። "ቢስሚላህ ከላይ፣ ትንፋሽ ከታች!" አለችኝ። ያቺን ቃል ቤት ድረስ ይዤ ሄድኩ። ሽንኩርት ስከትፍ ሁሉ "ቢስሚላህ ከላይ፣ ትንፋሽ ከታች" እላለሁ። የሚቀጥለው እሑድ ውሃው ተሸከመኝ። ጎመን የምሸከመው እኔ፣ ሰው የምሸከመው እኔ፣ ተሸካሚ አግኝቼ ተንሳፈፍኩ።

ትምህርት ሊዘጋ አንድ ሳምንት ሲቀረው ቀኑን ቆረጥን፤ ያ እሑድ ካመለጠ ልጄም ምዝገባው ያመልጣታል። አማቴ "ምስክር ሳያይ አይመሰክርም" ብለው ከደሴ አብረውን ወረዱ። ገንዳው ዳር ወንበር ተሰጣቸው።

አራት ጊዜ ገንዳውን ማቋረጥ ነበረብኝ። ሁለቱን ጨረስኩ። ሦስተኛው ላይ ክንዴ ዛለ። ጥልቀት የሌለው ጋ ስደርስ በእግር ጣቴ ወለሉን ትንሽ ገፋ ላደርግ አሰብኩ። ማን ያያል?

"እግርሽን እያየሁት ነው!" አሉ አማቴ።

እግሬን ሰበሰብኩ። አራተኛውን እንዴት እንደጨረስኩ አላውቅም። ደርቤ ለብሼ ብስክሌቱ ላይ ወጣሁ፤ እስከ ኤርፖርቱ መንገድ ደርሼ ተመለስኩ፣ አንድም ፍየል ሳይደወልለት አላለፈም።

ሩጫው ላይ ግን ቁርጭምጭሚቴ መናገር ጀመረ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆምኩ። ጎንበስ ብዬ ስይዘው ልጄ መንገድ ዳር ቆማ አየኋት። ከንፈሯን ነክሳለች። "ተይው እማ፣ እግርሽ ይብስብሻል" አለች። ድምፅዋ ውስጥ ወረቀቱ ከግድግዳው ሲነሳ ሰማሁት።

"አመመኝ እንጂ አልተሰበረም፤ ስብራትን አውቀዋለሁ" አልኳትና ቀና ብዬ ቀስ እያልኩ መሮጥ ጀመርኩ። እሷም ከጎኔ ሆነች።

"እንዳትሮጪ!" ጮህኩ። "መሐላ አለብኝ!"

"አልሮጥኩም፣ እየተራመድኩ ነው!"

እውነቷን ነው፤ እየተራመደች ነበር። እኔ የምሮጠው ልጄ የምትራመደውን ያህል ነው። ይህ ሲገባኝ ሳቅ ያዘኝ፣ እሷንም ያዛት፣ እኔ እየሮጥኩ እሷ እየተራመደች እኩል የሆቴሉ በር ደረስን። አማቴ በሩ ላይ ቆመው እልል አሉ። "መስክሬያለሁ!"

ልጄ ጊዜ አላጠፋችም። ለካ የዋና ልብሷን ከውስጥ ለብሳ ነው የመጣችው። አሠልጣኟ ከታች እጇን ዘርግታ እየጠበቀቻት መሰላሉን ስትይዝ ወደ ገንዳው ጠጋ አልኩ። አፌ በራሱ ተከፈተ።

"ወላ..."

አማቴ በመዳፋቸው አፌን ግጥም አደረጉት። "ዝም በይ! ያለፈው መሐላሽ ብስክሌት አስነድቶሻል። አሁን ደግሞ አውሮፕላን ልትነጂ ነው?"

አፌን ዘጋሁ። ልጄ ወደ እኔ ዞራ "ቢስሚላህ" አለች፣ ከዚያ አፏን ገጥማ ወረደች። የምችለውን ያህል ራሴን ቆጠብኩ፤ አልጮህኩም፣ አልማልኩም። ጫማዬን ግን ሳላወልቅ እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ቆሜ ራሴን ያገኘሁት አማቴ ከኋላዬ ሲስቁ ሰምቼ ነው።