ፊቴ ላይ ቡና ያሰጣሁ ዕለት

ፈቲያ አለፈች! አልሐምዱሊላህ! ልጄ የሥዕል ተማሪ ናት፣ የመመረቂያ ሥዕሏን ዛሬ ተቀበሏት። መጀመሪያ እንዴት ዋላችሁ ልላችሁ ነበር፣ ደስታው አስረሳኝ።

መምህሯ የሳለችውን ሰው ሁሉ "ፊቱ ሕይወት የለውም" እያለ ደጋግሞ መልሶባታል። የመጨረሻው ሥዕልም ከወደቀ ዘንድሮ ምረቃ የለም።

እሷም ሸራውን ተወችና የቡና ገለባ ቀቅላ ቀለም አወጣች፤ በዚያ ቀለም ጆንያ ላይ ሳለች። ትልቁ ድስቴ እስካሁን ወደ ማጀት አልተመለሰም።

ትናንት ጆንያው እንዲደርቅላት ግቢ ውስጥ አንጥፋው ሄደች። እኔ ደግሞ የጅማ ሰው ነኝ። ፀሐይ ላይ የተነጠፈ ጆንያ ሳይ ምን ላድርግ? ወንድሜ ከገጠር ከደዶ የላከውን እሸት ቡና አሰጣሁበት። እንዲደርቅም በእግሬ አገላበጥኩት።

ስትመጣ ጮኸች። "ማሎ እማ! ፊትሽ ላይ እኮ ነው ያሰጣሽው!"

ለካ የሳለችው እኔን ነው። ቡናውን ሳሰጣ ሥዕሉን አይቼዋለሁ፣ ግን የማውቃት ሴት አልመሰለችኝም።

ቡናውን ብናነሳው ፊቴ በሙሉ ቀይ ነጠብጣብ ሆኗል። ሌላ ለመሳል ጊዜ ስላልነበራት ዛሬ ጠዋት ያንኑ ይዛ ሄደች። እኔም ጥፋቱ የኔ መሆኑን ልናገርላት ተከተልኳት።

መምህሩ ጎንበስ ብሎ ነጠብጣቡን በጣቱ ዳሰሰ። "አሁን ቆዳው ተነፈሰ። ይሄን በምን ሠራሽው?" አላት።

ፈቲያ ወደ እኔ ዞረች።

"በእግሬ" አልኩት።

የልጁን ሥራ አበላሽቶ የተመሰገነ ወላጅ ካለ እስቲ ይጻፍልኝ፣ ብቻዬን አልሁን።

እሁድ ከዙህር ሶላት በኋላ ለደስታዋ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር፣ እኛ ቤት፣ ሁላችሁም ኑ፤ መቅረት የለም። ግቢው ውስጥ የተነጠፈ ጆንያ ካያችሁ ግን እንዳትረግጡት። አባቷን ጀምራለች።