ሰላሳ ደቂቃና ሁለት ቀን

ሻንቆ በጂንካ የሣር አውሮፕላን ማረፊያ ዘበኛ ነበር። ከተማው መሀል በተዘረጋው ሜዳ ላይ የአገሬው ከብት ይግጥበታልና፣ ከሰማይ የሞተር ድምፅ በሰማ ቁጥር ዱላውን ይዞ ከጫፍ ጫፍ እየሮጠ ላምና በሬ ያባርራል። ተሳፋሪ ስለ መንገዱ ርዝመት ሲጠይቀው፣ ራሱ ተሳፍሮ ሳያውቅ፣ "አርባ ምንጭ? ሰላሳ ደቂቃ ናት!" ይላል።

በ1988 ዓ.ም. የሚያዝያ ዝናብ ሲጥል ሚስቱን ቦሼን ምጥ ያዛት። ሁለት ቀን አማጠች። የጤና ጣቢያው ነርስ፣ "በኦፕራሲዮን ካልሆነ አትወልድም፤ ዛሬውኑ አርባ ምንጭ አድርሳት" አለው። ደግነቱ የአውሮፕላን ቀን ነበር። በቃሬዛ አምጥቶ ሜዳው ላይ ሲያደርሳት ግን የቀረው አንድ መቀመጫ ብቻ ሆነ።

"ከአሪኛ በቀር አፍ የላትም እኮ" አለ ሻንቆ፣ ትኬት ቆራጩን ወልደጊዮርጊስን እጁን ይዞ። "ብቻዋን ምን ትላቸዋለች?"

"ትሂድ ወይስ ትቅር? አብራሪው እየጠበቀ ነው።"

"ትሂድ።"

ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ፣ "ከኋላሽ ነኝ" አላት።

አውሮፕላኑ ከተራራው ጀርባ ሳይሰወር እሱ የጭነት መኪና ፍለጋ ሮጠ። እዮብ የሚባል ሹፌር በቆሎ ጭኖ ሊወጣ ሲል አገኘውና ጭነቱ ላይ ወጣ። ከቀይ አፈር ከተማ ቁልቁለቱን ወርደው ቆላው ላይ ሲደርሱ፣ ሌላ ጊዜ ደረቅ የሆነው ወንዝ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ይጋልባል። ተሳፋሪው ግራር ሥር አረፍ አለ። ሻንቆ ግን ዳር ዳሩን ይመላለሳል፤ ውኃው መጉደሉን ለማየት ጭቃው ላይ እንጨት ይተክላል፣ ይነቅላል። አሁን ደርሳለች። አሁን ስሟን ይጠይቋታል። አሁን ምላጩን ታያለች፣ ማንም አያስረዳትም።

"ኧረ ቁጭ በል!" አለው እዮብ። "ወንዙ በአንተ መንቆራጠጥ አይጎድልም።"

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ከሁለት ሰዎች ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ፣ ውኃው ደረቱን እየመታው ተሻገረ። ጥቂት በእግሩ፣ ጥቂት ባገኘው መኪና፣ ኮንሶን አልፎ ሳይመሽ አርባ ምንጭ ገባ።

ቦሼ በኦፕራሲዮን ወልዳ፣ ሴት ልጅ ታቅፋ ተኝታለች። ጭቃ የለበሰውን ባሏን አየችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"አውሮፕላኑ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጥክ መስሎኝ ነበር" አለች በአሪኛ። "ስንወርድ ዞሬ ጠበቅሁህ።"

አልጋው እግር ሥር ተቀምጦ ተንሰቀሰቀ። እሷም ቆይታ ቆይታ ሕፃኗን አቀበለችው።

ቦሼ ወደ ቤቷ በተመለሰች በሁለት ዓመቷ አማርኛውን ከእሱ የተሻለ ተናገረች። ሻንቆ ግን ከዚያ ወዲህ መንገደኛ ሸኝቶ አርፎ መቀመጥ አልሆነለትም። ዛሬ ጡረታ ወጥቷል። ያች ልጁ ዓባይነሽ አርባ ምንጭ አግብታለች። ጠይቃቸው በሚኒባስ ስትመለስ፣ ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይደውልላታል፦

"ደረስሽ?"

"አባዬ፣ ገና ቀይ አፈር ነኝ!"

ስልኩን ዘግቶ እንደገና ደጁ ላይ ይንጎራደዳል።